ጉምና ውርጭ፦ የሰሜን ሸዋ ልዕለ ጀግና ያለበት ባለ 16 ገጽ ኮሚክ አሠራር

ኮሚክ ለመሥራት የሚነሳ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከልብሱ ነው፤ ጭምብል፣ ካባ፣ ደረት ላይ አርማ። ቀጥሎ ጀግናውን ችሎታ ያሸክመዋል፤ ይበራል፣ ጥይት አይበሳውም፣ ግድግዳ አሳልፎ ያያል። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚጻፍ ነገር ያልቃል። ሁሉን የሚችል ሰው የሚያስጨንቀው ነገር የለማ! እሱ ካልተጨነቀ ደግሞ አንባቢም አይጨነቅለትም።

ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ አይበርም ነበር፤ ረጅም ርቀት ይዘላል እንጂ። ከዓመት ዓመት ጉልበት ሲጨመርለት እሱን የሚገዳደር ባላንጣ ማግኘት እየከበደ ሄደ፤ የሚያደክመው ክሪፕቶናይት የተባለ ማዕድን ባይገባ ኖሮ ብዙ ታሪኮቹ በሁለት ገጽ ባለቁ ነበር። በ1962 የመጣው ስፓይደርማን ግን ከመጀመሪያው የገንዘብ እጦትና የተማሪ ጭንቀት ይዞ ነው የመጣው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ኃይል የሚጥመው ዋጋ ሲኖረው ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ታሪክ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ዋጋውን የሚተምንለት መሬቱ ነው፤ ደጋና ቆላው፣ ጉምና ውርጩ፣ ገደልና በሩ። ከዚህ በታች ያለው በኤ5 መጠን (የኤ4 ወረቀት ግማሽ)፣ በጥቁርና ነጭ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት የሚባዛ ባለ 16 ገጽ ኮሚክ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ከሥዕሉ በፊት ሕጉ

አንድ ወረቀት ያዙና አምስት ጥያቄዎችን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። ጀግናው ምን ማድረግ ይችላል? የት ወይም መቼ ብቻ? ምን ያስከፍለዋል? ማን ያውቅበታል? ፈጽሞ የማይችለውስ ምንድን ነው? መልሱ በዓረፍተ ነገር ካላለቀ ችሎታው በዝቷል፤ ግማሹን ቁረጡ።

ለምሳሌ የምንሠራበት ገጸ ባሕርይ ትኑረን፤ አስካለ እንበላት፣ የመንዝ ልጅ። አስካለ ከጉም ወደ ጉም ትሻገራለች። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ትገባና የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ አጠገብ ካለ ጉም ትወጣለች። ጉም ከሌለ እንደማንም ሰው በእግሯ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ስትሻገር የሰውነቷ ሙቀት ይወርዳል፤ እሳት ሳትሞቅ ከደገመች ጣቶቿ አይታዘዙላትም፤ ከሠለሰች ትሞታለች። ማንንም ይዛ መሻገር አትችልም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ካርታውን ዘርጉ። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከስምጥ ሸለቆው በኩል ሽቅብ የሚገፋው እርጥብ አየር እዚያ ሲቀዘቅዝ መንገዱ በጉም ይዋጣል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀት፣ ማንጎና ሽንኩርት፣ ጥርት ያለ ሰማይ። የአስካለ ኃይል ያንን ጥምዝምዝ በወረደች ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ሮቢት ላይ ይጠፋል። ብልህ ባላንጣ ወደ ቆላ ሊያወርዳት ይሞክራል፤ እሷ ወደ ደጋ ልትመልሰው ትታገላለች። ታሪኩን የሚነዳው ሽኩቻ ከሕጉና ከካርታው ወጣ፤ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም።

ባላንጣው የሚፈልገው ነገር ይኑረው

«ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳ ክፉ» መንዝ ላይ ማንንም አያስፈራም። ውርጭ ግን ያስፈራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች ገብስና ባቄላ አሳሮ የሚያድር ነገር ለገበሬ ከማንኛውም ጭራቅ በላይ እውነተኛ ጠላት ነው። ስለዚህ ባላንጣችን በትንፋሹ ውርጭ የሚያወርድ ሽማግሌ ይሁን፤ አባ ውርጭ።

እዚህ ላይ የተፈጥሮው ሕግ ራሱ ይረዳናል። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው፤ መሬት የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፣ የሚይዝላት የለም። ደመና ወይም ጉም ከጋረደ ሙቀቱ ስለሚያዝ ውርጭ አይበረታም። እንግዲህ ጥርት ያለ ሌሊት የእሱ፣ ጉም የጋረደው ሌሊት የእሷ ነው። አንባቢው አምስተኛው ገጽ ላይ ይህን ከተረዳ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ከዋክብት ብቻ ብትስሉለት ያለ አንድ ቃል ይደነግጣል።

ፍላጎቱስ? ሽማግሌው የገዛ ማሳው በውርጭ ተመትቶ ከብቶቹ እየሞቱ ነው፤ ጓሳ ያለ ጊዜው እንዲከፈትለት ይፈልጋል። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጫማ ሜዳ ነው፤ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮውና ጅብራው ለሥዕል የተፈጠሩ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቄሮ ሥርዓቱ ነው። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በአባ ቄራ አስጠብቀው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ የሚከፍቱበት ሕግ ነበር፤ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ፋንታሲ የሚጽፉ ሰዎች «የተከለከለ ምድር» ለመፈልሰፍ ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ አገር ከእነ ጠባቂውና ከእነ ቅጣቱ አለ። ሽማግሌው ከብቶቹን ማዳኑ ልክ ነው። አስካለም ሕጉን መጠበቋ ልክ ነው። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ነው አንባቢ ጎን ለመያዝ የሚቸገረው።

ስም፣ ልብስ፣ ምሥጢር

ለልዕለ ጀግና ሁለተኛ ስም ማውጣት ባዕድ ነገር አይደለም፤ የፈረስ ስም አለን። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ስሙ ባሕርይን ወይም ግብርን ይናገራል። ባላንጣውን አባ ውርጭ ያልነውም በዚሁ ልማድ ነው። የፈረስ ስም የወንዶች ስለነበረ ለአስካለ በሥራዋ የሚጠራት ስም ይሻላል፤ «ጉም ለባሿ» ብንላት ያስኬዳል። «ካፒቴን» እና «ማን» የሚሉትን ቅጥያዎች ተዉአቸው፤ ገበያ ላይ ማንም ጮኾ የማይጠራው ስም ታሪኩ ውስጥም አይኖርም።

ልብሱን በተመለከተ፣ ጓሳ ላይ ሌሊት ሰውነት ላይ የተለጠፈ ቀጭን ልብስ የለበሰ ሰው ይሞታል፤ አንባቢውም ያውቃል። በርኖስ አለላችሁ፦ ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ አንድ ትከሻው ላይ ሾል ብሎ የወጣ። ከሩቅ በጥላው ብቻ ይለያል፤ ኮሚክ ውስጥ ልብስ የሚፈለግበት ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ለዝናቡ ከሣር የሚሠራው ገሳ አለ። አንድ መፈተኛ እነሆ፦ ገጸ ባሕርዩን በሁለት ሴንቲሜትር ቁመት ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ ሳሉት፤ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ልብሱን ቀይሩ።

ጭምብሉ ግን አይሠራም። ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ ዓይንን መሸፈን ይበቃ ይሆናል። «የማን ልጅ ነሽ?» በሚባልበት ቀበሌ ግን ሰው በአረማመዱ፣ በሳሉ፣ በበቅሎው ይታወቃል። ስለዚህ ምሥጢሩን አገላብጡት፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ባዕድ ሲጠይቅ መንደሩ ሁሉ ዝም ይላል። ምሥጢሯን የሚያወጣ ሰው ቢኖር ማን ይሆናል? ለምን? ይህ ከጭምብል የጠነከረ ውጥረት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ቅጽ ብትሠሩ ርእሱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከተረት የሚወሰድና የማይነካ

ስንዝሮ፣ አያ ጅቦ፣ ጭራቅ፣ ዘንዶ የሁላችን ናቸው፤ እንደፈለጋችሁ ለውጧቸው። አንኮበርና ከሥሩ ያለው አልዩ አምባ፣ የሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር በኩል ዕቃ ይዘው ይመጡበት የነበረው ገበያ፣ ለፋንታሲ ከተማ ምርጥ መነሻ ነው። የጃማና የወንጭት ሸለቆዎችም ሌላ ዓለም ለመደበቅ ይበቃሉ።

ሁለት ነገሮች ላይ ግን ጥብቅ ነን። አንደኛ፣ ቅዱሳንን ልዕለ ጀግና አታድርጉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው፣ ክንፋቸውም በሥዕል ይታወቃል፤ ነገር ግን ለምእመን ክንፋቸው የጸሎታቸው ፍሬ ነው፣ በፍልሚያ መሐል ሲገባ ቅዱሱም ኮሚኩም ይጎዳሉ። ሁለተኛ፣ ቡዳን ባላንጣ ስታደርጉ አንጥረኛን ወይም ሸክላ ሠሪን አትሳሉ። በዚያ ስም የእጅ ባለሙያዎች ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ኮሚኩን የሚያነበው የእነሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ብረት ቀጥቃጩ ጀግና ቢሆን የሚያስከፍለው ዋጋ ከመጀመሪያው ገጽ የተዘጋጀ ነው፦ መንደሩን ያድናል፣ ማዕድ ላይ ግን አይቀመጥም።

ገጾቹን ማከፋፈል

የሚታጠፍ ደብተር የገጹ ቁጥር በ4 መካፈል አለበት። 16 ገጽ አራት ኤ4 ወረቀት ማለት ነው። ገጽ 1 ሽፋን፣ ገጽ 2 ካርታና ሕጉ፣ ገጽ 16 የኋላ ሽፋን፤ ለታሪኩ ከ3 እስከ 15 ያሉ 13 ገጾች ይቀራሉ። 13 ገጽ ጥቂት ነው። አንድ ግጭት፣ ሁለት ዋና ሰዎች፣ ሦስት ቦታ፤ ከዚህ በላይ አይችልም።

ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ገጾች በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በግራ ይውላሉ። አንባቢ ወረቀት የሚገልጠው ጎዶሎውን ሲጨርስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በጎዶሎ ገጽ መጨረሻ፣ ድንጋጤው በሙሉ ገጽ መጀመሪያ ይሁን። ድንጋጤውን ገጽ 7 ላይ ብታስቀምጡት አንባቢው 6ን እያነበበ በዓይኑ ጫፍ አይቶታል፤ ይባክናል። ገጽ 8 እና 9 ብቻ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚታተሙ ናቸውና ሁለት ገጽ የሚሞላ ሥዕል ካላችሁ ቦታው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ ካደረጋችሁት መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። የጣርማ በር ገደል ከላይ እስከ ቆላው ድረስ እዚያ ይዘርጋ።

በአንድ ገጽ ከ4 እስከ 5 ክፈፍ (እያንዳንዱ ሥዕል የሚገባበት ሳጥን) ይበቃል። በ6 ክፈፍ ኤ5 ላይ ፊት መለየት ያስቸግራል። ጀማሪ ሁሉንም ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ ከአንድ ርቀት ይስላል፤ ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። በየገጹ ቢያንስ አንድ በጣም ሩቅ፣ አንድ በጣም ቅርብ ክፈፍ ይኑር፤ እጅ፣ ዓይን፣ የበቅሎ ኮቴ።

መሣልና መጻፍ

እያንዳንዱን ገጽ በኤ4 ሳሉና ፎቶ ኮፒ ላይ በ71 በመቶ አሳንሱት፤ ልክ ኤ5 ይሆናል። የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ያንሳል። ዙሪያውን 15 ሚሊ ሜትር ተዉ፤ ማሽኑ የወረቀቱን ጠርዝ ስለማያነሳ እዚያ የሳላችሁት ይቀራል። በክፈፎች መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት በቂ ነው።

በኤች ቢ እርሳስ ሳታስጫኑ ንደፉ፤ ከዚያ በጥቁር ቀጭን ማርከር ወይም በጥቁር ጄል እስክሪብቶ ተከተሉት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ፎቶ ኮፒ ላይ ይደበዝዛል። ጄሉ በደንብ ሳይደርቅ ላጲስ ከነካው ይዝረከረካል። በእርሳስ የተቀባ ጥላ ሲባዛ የቆሸሸ ግራጫ ይሆናል፤ ጥላን በተጠጋጉ መስመሮች ሥሩት። ሰፊ ጥቁር ቦታም አንዳንድ ማሽን ላይ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል፤ የበርኖሱን ጥቁረት በደቃቅ መስመር ሙሉት፣ ጠጉርነቱም በዚያው ይታያል። ጉም ደግሞ አይሳልም፤ ይተዋል። ተራራውን፣ ዛፉን፣ ሰውየውን የሚስለው መስመር ጉሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይቆም፤ የቀረው ነጩ ወረቀት ነው። ከጉም ጋር የሚሠራ ጀግና ስንመርጥ ይህም ታስቦበት ነው፤ በጥቁርና ነጭ ኅትመት የሚያምር፣ ለእጅም የማይከብድ።

ንግግሩን መጀመሪያ ጻፉ፣ ንግግሩን የሚከበውን ፊኛ ቀጥሎ በዙሪያው ሳሉ። ተቃራኒውን ያደረገ ሰው መጨረሻ ላይ ፊደል ያጨናንቃል። ኤ4 ላይ የፊደሉ ቁመት ከ5 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ሲያንስ 3.5 ይሆናል። ከዚያ በታች ከወረደ የ«ሴ» ቀለበት በቀለም ይደፈንና «ሲ» ይመስላል። በአንድ ፊኛ ከ12 ቃል፣ በአንድ ገጽ ከ60 ቃል አትለፉ። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በግራ ወይም በላይ ይሁን። በኮምፒውተር ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ በትንሽ መጠንም ይነበባል፤ ለሥዕሉ ክሪታ የተባለው ፕሮግራም እንዲሁ ነፃ ነው።

አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ያሳስታል። ፍልሚያ መሐል «ይመታል» ብቻ ከተጻፈ መቺው ማን፣ ተመቺው ማን አይታወቅም። «ይመታሃል» ወይም «እመታሃለሁ» በሉ።

ድምፅ ላይ ሀብታም ነን፤ ከእንግሊዝኛው መበደር አያስፈልግም። ጅራፍ ጧ፣ ድንጋይ ዱብ፣ ነፋስ ሽው፣ ገደል ዥው። ድምፅ የሌለው ነገር እንኳ አለን፦ አስካለ ጉም ውስጥ ስትገባ እልም፣ ስትወጣ ከች፣ መብራት ሲጠፋ ድርግም። እነዚህን ከፊኛ ውጭ፣ በእጅ፣ በትልቁ፣ የሥዕሉ አካል አድርጋችሁ ጻፏቸው። «እልም»ን ስትጽፉ የመጨረሻው ፊደል እየሳሳ ይጥፋ።

አነጋገሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠበቅ። አስካለ ወጣት ናት፣ አባ ውርጭ ሽማግሌ ነው። ብትዋጋውም «አንተ» አትለውም።

«አባባ፣ ይመለሱ። ሣሩ ገና ነው።»
«ከብቶቼ አልቀው ወዴት ልመለስ፣ ልጄ?»

ይህ አክብሮት ጠቡን አያለሰልሰውም፤ ያከብደዋል። 13 ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ!» ብትለው መጽሐፉ ውስጥ ከተወረወረው ድንጋይ ሁሉ ያ ቃል ይበልጣል። የት እንደምታስገቡት ቀድማችሁ ወስኑ፤ ሁለቴ አትጠቀሙበት። ከፍልሚያው በፊት ፉከራ ማስገባትም ይቻላል፣ «ዘራፍ!» ለሽማግሌው አፍ የተሠራ ነው፤ አራት ስንኝ በቂ ነው፣ ግጥሙም የራሳችሁ ይሁን።

ማባዛትና መስፋት

ያነሱትን ገጾች ሁለት ሁለቱን በአንድ ኤ4 ላይ በኮላ ለጥፉ፤ አቀማመጡ እንዲህ ነው፦

አንደኛ ወረቀት፦ ፊቱ 16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15።
ሁለተኛ፦ ፊቱ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13።
ሦስተኛ፦ ፊቱ 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11።
አራተኛ፦ ፊቱ 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9።

መጀመሪያ የተጻፈው በግራ ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። የተለጠፈው ወረቀት ጠርዝ ሲባዛ ቀጭን ጥቁር መስመር ይተዋል፤ በፍሉድ አጥፉት። ለባለ ፎቶ ኮፒው ፊትና ጀርባ በአጭሩ ጎን እንዲገለበጥ ንገሩት፤ በረጅሙ ከገለበጠው ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አስወጥታችሁ አጥፉና ከ1 እስከ 16 ቁጠሩ። ሌላው ሁሉ ከዋናው ይባዛ፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ ከተነሳ መስመሩ ይወፍራል፣ የፊደሉ ቀለበት ይደፈናል።

ተራ ስቴፕለር እስከ መታጠፊያው አይደርስም። ከፍታችሁ ዘርጉት፣ ከሥር ካርቶን አድርጉ፣ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ መታጠፊያው ላይ ሁለት ቦታ ውጉ፣ ከካርቶኑ ነቅላችሁ የሽቦውን እግሮች በማንኪያ ጀርባ እጠፉ። ሽቦ ከሌለ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ በስታችሁ በክር ስፉት፤ እንዲያውም የበለጠ ይጠናል።

ሃምሳ ከማባዛታችሁ በፊት አምስቱን ለአምስት ሰው ስጡ፤ ቢያንስ አንዱ ኮሚክ አንብቦ የማያውቅ ይሁን። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሲያነብ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ገጽ ብቻ ልብ በሉ፤ እዚያ ላይ የክፈፍ ቅደም ተከተል ወይም የፊኛ ቦታ ተበላሽቷል። ጨርሶ ሲያስቀምጠው «አስካለ ለምን ሮቢት ላይ አልተሻገረችም?» በሉት። መመለስ ካልቻለ ሕጉ ገጽ 2 ላይ ብቻ ተቀብሯልና ከገጽ 5 በፊት በሥዕል አሳዩት፤ ጉም አልቆ እግሯ የሚቆምበት አንድ ክፈፍ ይበቃል። ስታርሙ የሚቀየረው ገጹ ብቻ አይደለም፤ ለምሳሌ 4ን ካስተካከላችሁ 3፣ 13 እና 14 ያሉበት ወረቀት አብሮ በአዲስ ይባዛል፤ እነሱ ላይ ያያችሁትን ስህተትም በዚያው አርሙ።